ቶኒ ሶፕራኖ ሜይን ላይ ባይገድል ኖሮ፦ «ኮሌጅ» ላይ ለቀረበ ትችት ምላሽ

ሰሞኑን ብዙ ሰው የተቀባበለው አንድ ጽሑፍ አለ። ስለ «ዘ ሶፕራኖስ» ተከታታይ ድራማ ነው፤ በተለይ «ኮሌጅ» ስለሚባለው የመጀመሪያው ሲዝን አምስተኛ ክፍል። መደምደሚያው አጭር ነው። ይህ ክፍል ነፍሰ ገዳይን ያቆነጃል፣ ስለዚህ ሊወደስ አይገባውም ይላል። ጸሐፊው ማንንም አልሰደቡም። ሐሳባቸውን በግልጽ፣ በቅደም ተከተል አስቀምጠዋል። መልስ የሚገባውም እንዲህ ያለ ጽሑፍ ነው። እኔ ክፍሉን ደጋግሜ አይቼዋለሁ፤ እወደዋለሁም። የምወደው ደግሞ እሳቸው «የለበትም» ያሉትን ነገር ሞልቶ ስላገኘሁበት ነው።

ላላየው ሰው ታሪኩን በአጭሩ ልንገረው። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። ክፍሉ ኤች ቢ ኦ በሚባለው የአሜሪካ የቴሌቪዥን ጣቢያ የታየው ፌብሩዋሪ 7 ቀን 1999 ነው። የኒው ጀርሲው የማፊያ ሰው ቶኒ ሶፕራኖ ልጁን ሜዶውን ይዞ ኮሌጅ ሊያስጎበኛት ወደ ሜይን ግዛት ይነዳል። ቤትስን፣ ኮልቢንና ቦውዶይንን ሊያዩ ነው። መኪና ውስጥ ልጅቷ «ማፊያ ነህ እንዴ?» ብላ ትጠይቀዋለች። መጀመሪያ ይክዳል። ቀጥሎ ከገቢው ጥቂቱ ከሕገ ወጥ ቁማርና ከመሳሰለው እንደሚመጣ ያምንላታል። ትንሽ ቆይቶ ነዳጅ ማደያ ላይ አንድ የሚያውቀው ሰው ያያል። ፋቢያን ፔትሩሊዮ ነው። ከዓመታት በፊት የገዛ ጓደኞቹን ለመንግሥት አሳልፎ የሰጠ፣ ከዚያም በምስክሮች ጥበቃ ፕሮግራም ስሙን ቀይሮ የተሰወረ ሰው። አሁን ፍሬድ ፒተርስ ይባላል፤ የጉዞ ወኪል ቢሮ አለው። ቶኒ ልጁን ኮሌጅ ቃለ መጠይቅ ላይ ትቷት ይሄድና ሰውየውን በሽቦ አንቆ ይገድለዋል። ከዚያ ተመልሶ ልጁን ይወስዳል።

ኒው ጀርሲ ላይ ደግሞ ሌላ ታሪክ እየሄደ ነው። ሚስቱ ካርሜላ ጉንፋን ይዟት ቤት ውላለች። ውጭ ዶፍ ይወርዳል። ወንዱ ልጅ ጓደኛው ቤት ነው። የሰበካው ካህን አባ ፊል ሊጠይቋት ይመጣሉ። ምግብ ይበላል፣ ወይን ይጠጣል፣ ፊልም ይታያል። በመጨረሻ ካርሜላ ትናዘዛለች።

ጸሐፊው በዚህ ላይ አምስት ነገር ይላሉ። ግድያውን ከአባትና ከልጅ ፍቅር ጋር ማጣመሩ ተመልካቹ ገዳዩን እንዲወደው ያደርጋል፤ ይህ የመጀመሪያው ነው። ሁለተኛ፣ ግድያው አያስፈልግም ነበር፤ የጣቢያው ኃላፊ ራሱ ተቃውሞት ነበር፤ ሟቹም በሰላም የሚኖር ሰው ነው። ሦስተኛ፣ ቶኒ ሜይን ድረስ ሄዶ ከሚፈለገው ሰው ጋር መገጣጠሙ አይታመንም፤ ጠቋሚም እንዲህ በግልጽ አይኖርም። አራተኛ፣ የካርሜላና የካህኑ ታሪክ ሰዓት መሙያ ነው፣ እምነትንም ያዋርዳል። አምስተኛ፣ ክፍሉ የጣሊያን ዝርያ ያላቸውን አሜሪካውያን ስም ያጠፋል፣ ወጣቱንም ያበላሻል። በታማኝነት ያጠቃለልኩት ይመስለኛል።

ከሁለተኛው ልጀምር፤ የቀረው ሁሉ በእሱ ላይ ስለሚቆም።

የኃላፊው ተቃውሞ እውነት ነው። ክሪስ አልብሬክት በጊዜው የጣቢያውን ድራማዎች የሚመሩት ሰው ነበሩ። ስክሪፕቱን አንብበው ደነገጡ። ተመልካቹ ከቶኒ ጋር ከተዋወቀ ገና አምስተኛ ሳምንቱ ነው፤ በገዛ እጁ ሰው ሲያንቅ ካየ ይጠላዋል፣ ድራማውንም ይተወዋል ብለው ሰጉ። ጸሐፊው እዚህ ድረስ ነገሩን በትክክል አስቀምጠዋል። የተዉት ቀጣዩን ነው። የድራማው ፈጣሪ ዴቪድ ቼዝ የመለሱት በአጭሩ ይህ ነበር፦ ቶኒ ይህን ሰው አግኝቶ ካልገደለው፣ ተመልካቹ ማንነቱን ማመን ያቆማል፤ ያን ጊዜ ነው ድራማው የሚያልቅለት።

የማን ስጋት ትክክል ነበር? ክፍሉ ታየ። ተመልካቹ አልሸሸም። ድራማው ስድስት ሲዝን፣ 86 ክፍል ሄዶ በ2007 ተጠናቀቀ። ቼዝና ጄምስ ማኖስ በዚሁ ክፍል የ1999ን የኤሚ (የአሜሪካ ቴሌቪዥን) የድራማ ጽሑፍ ሽልማት ወሰዱ። እርግጥ ሽልማት ማስረጃ አይሆንም፤ መጥፎ ነገርም ይሸለማል። ስለዚህ ወደ ነገሩ ልግባ።

በቼዝና በአልብሬክት መካከል ክርክሩ በስምምነት ነው ያለቀው። ግድያው እንዳለ ይቆያል፤ ነገር ግን ፔትሩሊዮ ክፉ መሆኑ እንዲታይ አንድ ትዕይንት ይጨመራል። በዚያ ትዕይንት ፔትሩሊዮ ሁለት ሱሰኞችን ይዞ ቶኒን እንዲገድሉለት ያግባባቸዋል። እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ በክፍሉ ውስጥ ደካማው ቦታ ይህ ነው። ለተመልካቹ ማስታገሻ ነው። «አይዟችሁ፣ ሟቹም መጥፎ ሰው ነው» ይላል። ጸሐፊው ጣታቸውን እዚህ ላይ ቢቀስሩ ኖሮ አብሬያቸው እቆም ነበር። ግን ልብ በሉ፤ ይህ ትዕይንት የመጣው ግድያውን ከተቃወመው ወገን ነው። ቶኒን ትንሽ የሚያቆነጀው ነገር በክፍሉ ውስጥ ካለ፣ ያስገባው ጸሐፊው በምስክርነት የጠሩት ስጋት ነው።

ነገሩን ገልብጠን እንየው። ቶኒ ፔትሩሊዮን አይቶ፣ ትንሽ ተክዞ፣ «ልጄ አብራኝ ናት፣ ይቅር» ብሎ ቢሄድስ? ምን ዓይነት ሰው ይኖረን ነበር? ተጫዋች፣ በላተኛ፣ ልጁን የሚወድ፣ ክፋቱ ከአፉ የማያልፍ የማፊያ ሰው። የቆነጀ ወንጀለኛ ማለት እሱ ነው። በቀደሙት አራት ክፍሎች ቶኒ ሲደበድብ አይተናል፣ ሲያስፈራራ አይተናል። በገዛ እጁ ሲገድል ግን አላየንም። አብረነው ስቀናል። ለምታክመው የሥነ አእምሮ ሐኪም ሲያወራ አዝነንለታል። ያ ሁሉ የት እንዳደረሰን የሚያሳየን «ኮሌጅ» ነው።

«በሰላም የሚኖር ሰው» ስለተባለው ደግሞ፣ አዎ፣ ፔትሩሊዮ ሚስት አለው፣ ትንሽ ልጅ አለው። ቤት አለው፣ ሥራ አለው። ድራማው ይህን አልደበቀንም። ሆን ብሎ አሳየን እንጂ። ቶኒ የሰውየውን ማንነት ያረጋገጠው በምን እንደሆነ ታስታውሳላችሁ? ፔትሩሊዮ እስር ቤት ሳለ የሰው ጭንቅላት መቅረጽ የለመደ ነው። ቶኒ ቢሮው ሄዶ ሲያይ የሮናልድ ሬገን ቅርጽ ተቀምጧል። በዚያ አወቀው። ሰውየው ስሙን ቀየረ፣ አገሩን ቀየረ፣ የእጁን ልማድ ግን መተው አልቻለም። ይህ ለሟቹ የተሰጠ ሰውነት ነው። የሚያቆነጅ ድራማ ለሟች እንዲህ አይጨነቅለትም። ፊት የሌለው ጠላት አድርጎ ያስወግደዋል።

አሁን ወደ መጀመሪያው ነጥብ። ጸሐፊው የአባትና የልጁ ፍቅር ለግድያው ማጣፈጫ ሆኗል ይላሉ። እኔ ያየሁት ግን ግድያው ጉዞውን ሲበላው ነው።

በቅደም ተከተል እንሂድ። ቶኒ ሰውየውን ካየ በኋላ መጀመሪያ የሚያደርገው ነገር ምንድን ነው? ሜዶው መኪና ውስጥ እያለች መንገዱን አዙሮ ሰውየውን ማሳደድ። እየተሽቀዳደመ፣ ከፊቱ ያለውን መኪና በአደገኛ ሁኔታ እየቀደመ። ልጅቷ ትደነግጣለች። ቀጥሎ እሷን ከማያውቃቸው ተማሪዎች ጋር ይተዋታል፣ እሱ ሰውየውን ፍለጋ እንዲወጣ። ሰክራ ትመለሳለች። ሞቴሉ በር ላይ ደግፎ ሲያስገባት ፔትሩሊዮ ጨለማ ውስጥ ሆኖ ሽጉጡን አነጣጥሮባቸዋል። ሳይተኩስ ይቀራል። ቶኒ ይህን እንኳ አያውቅም። እንግዲህ የትኛው አባት ነው የተቆነጀው? ለልጁ የመጣበት ጉዞ ለግድያው መሸፈኛ ሲሆን፣ ልጁንም ለጥይት ሲያጋልጥ እኮ ነው የምናየው።

ግድያው ራሱ እንዴት እንደተቀረጸም እንይ። ጠዋት ነው፣ ብርሃን ነው። ጭቃ ነው። አንድ ጥይት ተኩሶ መሄድ የለም። ሽቦ ነው፣ ሰውየው ይፍጨረጨራል፣ ቶኒ ጥርሱን ነክሶ ይስባል። ሰውየው ስለ ሰበረው የማፊያ መሐላ እያወራ ይስባል። ጊዜ ይወስዳል። ሽቦው የራሱን እጅ ይቆርጠዋል። ካሜራው ፊቱ ላይ ይቆያል፤ ፊቱ ላይ የምናየውም ደስ የማይል ነገር ነው። ሰውየው ያንን ሥራ እየወደደው ነው። ሲጨርስ ቀና ይላል፤ ከላዩ ዳክዬዎች ያልፋሉ። ዳክዬዎቹን የመጀመሪያውን ክፍል ያየ ሰው ያውቃቸዋል። ቶኒ ግቢ ባለው መዋኛ ፈልፍለው ሲበሩ ነው እሱ ራሱን ስቶ የወደቀው። ሐኪሟ ጋር ተቀምጦ የገባውም ቤተሰቡን ማጣት እንደሚፈራ ነበር። አሁን ሰው ገድሎ ቆሞ ያያቸዋል። ድራማው ያን ቦታ ለማጽናናት አልተጠቀመበትም።

ከዚያ ወደ ኮሌጁ ይመለሳል። ሜዶው መኪናው ውስጥ ትገባለች። ጫማው ጭቃ ነው። እጁ ተቆርጧል። ትጠይቀዋለች። ይዋሻታል። እንደዋሸም ይገባታል። አንድ ቀን በፊት አባትና ልጅ እውነት ለመነጋገር ሞክረው ነበር። እሱ ስለ ቁማሩ አመነ፣ እሷም ለፈተና ስታጠና አነቃቂ ዕፅ መውሰዷን ነገረችው። ሁለቱም ግማሹን ነው የተናገሩት፣ ግን ግማሽም ቢሆን ነበር። ግድያው ያቺን ግማሽ ወሰዳት። ለእኔ የክፍሉ ልብ ያለው እዚህ ነው። ይህ ክፍል ስለ ግድያ ከመሆኑ ይልቅ፣ ግድያውን እያወቁ አብረው ስለሚኖሩ ሰዎች ነው።

ሜዶው በስምንት ዓመት ውስጥ የት እንደደረሰች ማየት ይበቃል። በ2007ቱ የመጨረሻ ክፍል ወደ ሕግ ሙያ እያቀናች ነው። ምክንያቷን ስትነግረው፣ አባቷን ኤፍ ቢ አይ ደጋግሞ ሲጎትተው ባታይ ኖሮ ሕይወቷ ወደ ሌላ ይሄድ እንደነበር ትነግረዋለች። ሜይን መንገድ ላይ «ማፊያ ነህ እንዴ?» ያለችው ልጅ፣ አባቷን የመንግሥት ተበዳይ አድርጋ ማየት ጀምራለች። «ኮሌጅ» ያቺን ልጅ ስትጠይቅ ያየንበት ነው። ግድያው አያስፈልግም ነበር የሚለው የጸሐፊው ሐሳብ ይህን ሁሉ ያስቀራል።

ይህን ካልኩ በኋላ የማምነውን ልመን። ቶኒን የሚወድ ሰው አለ፣ ብዙ ነው። ጄምስ ጋንዶልፊኒ እንዲህ አድርጎ ሲጫወተው አለመሳብ ይከብዳል። ፎቶውን ለጥፎ «አለቃ» የሚለውም አይጠፋም። ጸሐፊው በዚህ መጨነቃቸው ትክክል ነው። ያ ተመልካች ግን ቶኒን የሚወደው ሜይን ላይ ያየውን ረስቶ እንጂ አስታውሶ አይደለም።

ስለ ካርሜላ ያሉትን ሳነብ ከሁሉም በላይ አዘንኩ። «ሰዓት መሙያ» ነው ያሉት። እኔ ክፍሉን ከሁለት ግማሽ አንዱን ብቻ አቆይ ብባል፣ የማቆየው የእሷን ነው።

ሌሊቱን አስቡት። ካርሜላ ታማለች። ወይን ቀምሳለች። ያን ምሽት የባሏ ሐኪም ስልክ ትደውላለች፤ ካርሜላ ያን ጊዜ ነው ሐኪሙ ሴት መሆኗን ያወቀችው። ባሏ አልነገራትም። በዚያ ቁጣና በዚያ ድካም ውስጥ ሆና በካህኑ ፊት ትናዘዛለች። የምትናዘዘውም የባሏን ኃጢአት ሳይሆን የራሷን ነው። ትክክል የሆነውን ትታ ቀላሉን መረጥሁ ትላለች። ክፉ መሆኑን የማውቀውን ነገር ቤቴ እንዲኖር ፈቀድሁ፣ ልጆቼንም አስገባሁበት ትላለች። ለምን? ለልጆቿ ጥሩ ትምህርት ፈልጋ። ቤቱን ፈልጋ። በእጇ የሚገባውን ገንዘብ ፈልጋ። ባሏ አሰቃቂ ነገር ሳይሠራ እንዳልቀረ ታውቃለች። እግዚአብሔር አንድ ቀን ዋጋዋን እንደሚሰጣትም ትፈራለች።

እዚያው ሰዓት ቶኒ ሜይን ላይ ነው። እሷ «ያደርጋል ብዬ እጠረጥራለሁ» ያለችውን ነገር ሊያደርግ ነው። ኮሌጁ የሚከፈለው በዚያ ገንዘብ ነው። ይህ እንዴት ሰዓት መሙያ ይሆናል? ሜዶው መኪና ውስጥ የጠየቀችው ጥያቄ መልሱ ያለው እናቷ ሳሎን ውስጥ ነው።

የእምነት ማዋረዱን ክስ በጥሞና ነው የማየው፤ ለብዙዎቻችን ካህን ቤት መምጣቱ ትልቅ ነገር ነው። የንስሐ አባት ያለው አንባቢ ግን ይህን ትዕይንት ከማንም በተሻለ የሚረዳው ይመስለኛል። አባ ፊል ኑዛዜዋን ይሰማሉ። ይፈቷታል። ቅዱስ ቁርባን ያቀብሏታል። ከዚያስ? ምን ተዪ አሏት? ምን መልሺ አሏት? ባልሽ የተሻለ ክርስቲያን እንዲሆን እርጂው ከማለት ያለፈ ነገር አልጠየቋትም። ቀኖና የሚባል ነገር በሚያውቅ ሰው ዓይን ይህ ወዲያው ጎልቶ ይታያል። ካርሜላ ቀለል ብሏት አደረች። ቤቱ ግን ያው ቤት ነው፣ ገንዘቡም ያው ገንዘብ። ክፍሉ ኑዛዜን አላዋረደም። ኑዛዜው ምን ያህል ከባድ እንደነበረ፣ ከዚያ በኋላ ደግሞ ምን ያህል ቀልሎ እንደተያዘ ነው ያሳየን። ይህን የሚያየው ለንስሐ ክብር ያለው ዓይን ነው።

ካህኑ አልወደቁም፤ ይህንም ጸሐፊው አልጠቀሱትም። የመሳሳም ያህል ይቀራረባሉ፣ አባ ፊል ግን ወይኑ ስላጥወለወላቸው ሮጠው ሽንት ቤት ይገባሉ። ሶፋ ላይ አድረው ጠዋት ይሄዳሉ። እኔም ብሆን የወይኑንና የፊልሙን ክፍል አሳጥረው ነበር፤ መተፋፈሩ ከሚገባው በላይ ይጎተታል። ይህን ለጸሐፊው እሰጣለሁ። የሲዝኑ መጨረሻ ላይ ግን ካርሜላ ራሷ ለካህኑ ፊት ለፊት ትነግራቸዋለች። መንፈስ የተጠሙ ሴቶችን ዙሪያ ትዞራለህ፣ ምግባቸውንና ስሜታቸውን ትለምዳለህ ትላቸዋለች። ድራማው አንድን ሰው ነው የወቀሰው፤ ያስወቀሰውም በምታምን ሴት አፍ ነው። ካርሜላን የተጫወተችው ኢዲ ፋልኮ ያን ዓመት በዋና ተዋናይነት ኤሚ ስትሸለም እኔን አልገረመኝም።

ወደ አጋጣሚው ልለፍ። አጋጣሚ መሆኑን አልክድም። ሁለት ሰው አንድ ነዳጅ ማደያ ላይ መገናኘቱ አጋጣሚ ነው። ከሰሜን ኒው ጀርሲ ግን እነዚያ ኮሌጆች ጋር ለመድረስ በመኪና ስድስት ሰዓት ገደማ ነው የሚፈጀው፤ ሦስቱም ኮሌጆች የሚገኙት እርስ በርስ በተቀራረቡ ትንንሽ ከተሞች ነው። ደግሞም አጋጣሚው ታሪኩን አስጀመረው እንጂ ማንንም ከጣጣ አላወጣም።

«ጠቋሚ እንዲህ በግልጽ አይኖርም» የሚለውን ግን አልቀበልም። የአሜሪካ የምስክሮች ጥበቃ ፕሮግራም የተመሠረተው በ1970ው የተደራጀ ወንጀል መቆጣጠሪያ ሕግ ነው፤ የሚያስፈጽመው የዩናይትድ ስቴትስ ማርሻሎች መሥሪያ ቤት ነው። መሥሪያ ቤቱ ደንቡን ጠብቆ ከኖረ ሰው አንድም አልተገደለብኝም ይላል። ቁልፉ «ደንቡን ጠብቆ» የሚለው ነው። ደንቡ የሰለቻቸው ግን አሉ። በማፊያ ጓደኞቹ ላይ የመሰከረው ሄንሪ ሂል በዕፅ ወንጀል ተይዞ ከፕሮግራሙ ተባሯል። በኒው ዮርኩ የማፊያ አለቃ በጆን ጎቲ ላይ መስክሮ በ1992 ያስፈረደበት ሳሚ ግራቫኖ ፕሮግራሙን በፈቃዱ ትቶ አሪዞና በግልጽ ይኖር ነበር፤ በ2000 በኤክስታሲ ዕፅ ንግድ ተያዘ። ጆሴፍ ባርቦዛ የኒው ኢንግላንድ ማፊያን ከመሰከረበት በኋላ ካሊፎርኒያ ተሸሸገ፤ በ1976 ሳን ፍራንሲስኮ መንገድ ላይ ተገደለ። ፔትሩሊዮም ከፕሮግራሙ የወጣ ሰው ነው፤ ድራማው ይህን ይነግረናል። ሌላም ልጨምር። ማርች 1999፣ «ኮሌጅ» ከታየ አንድ ወር ባልሞላ ጊዜ ውስጥ፣ ኤፍ ቢ አይ የኒው ጀርሲውን የዴካቫልካንቴ የማፊያ ቤተሰብ አባላት ወሬ በድብቅ ይቀዳ ነበር። ሰዎቹ ስለ ድራማው ሲያወሩ «ይሄ እኛ ነን እንዴ?» እያሉ ነበር። የማይታመን ነገር ቢሆን እነሱ ቀድመው ይስቁበት ነበር።

የመጨረሻው የስም ማጥፋት ክስ ነው። ቅሬታው መሠረት አለው። ስንት ሠራተኛ፣ ሐኪምና መምህር ያለው ሕዝብ በሽጉጥ ታጣቂ ሲታወቅ ያማል። በውጭ ያለ ኢትዮጵያዊም በ1984ቱ ረሀብ ምስል ብቻ መታወቅ ምን እንደሚመስል ያውቀዋል። በ2001 አንድ የጣሊያን አሜሪካውያን ማኅበር ቺካጎ ላይ በዚህ ድራማ ክስ መሥርቶ ነበር፤ ፍርድ ቤቱ ውድቅ አደረገው። የኒው ጀርሲው የኤሴክስ ካውንቲ አስተዳዳሪም በካውንቲው መሬት ላይ እንዳይቀረጽ ከልክለው ነበር። ሁሉንም እረዳለሁ።

ነገር ግን «ማፊያ የለም፣ ይህ ስድብ ነው» የሚለውን ክርክር ማን ሲጠቀምበት እንደኖረ እንይ። በ1970 ኒው ዮርክ ላይ የጣሊያን አሜሪካውያን የሲቪል መብት ሊግ የሚባል ድርጅት ተቋቋመ። ሰልፍ ወጣ፣ የኤፍ ቢ አይን ቢሮ ከበበ። በዚያው ዓመት የፍትሕ ሚኒስትሩ ጆን ሚቼል መሥሪያ ቤታቸው «ማፊያ» የሚለውን ቃል እንዳይጠቀም አዘዙ። ሊጉን የመሠረተው ማን ነበር? ጆ ኮሎምቦ፤ ከኒው ዮርክ አምስቱ የማፊያ ቤተሰቦች የአንዱ አለቃ። በ1971 በራሱ ሰልፍ መካከል በጥይት ተመታ። የሐቀኛ ሰዎችን እውነተኛ ቅሬታ ወስዶ መሸሸጊያ አደረገው።

አሁን «ኮሌጅ»ን አስታውሱ። ሜዶው ስትጠይቀው የቶኒ የመጀመሪያ መልስ ምንድን ነው? እኔ ቆሻሻ ማስወገድ ሥራ ላይ ነኝ፤ ሰው ግን ወዲያው ማፊያ ያደርገኛል፤ ይህ ጭፍን አመለካከት ነው፣ ያስቀይማል። የጸሐፊውን አምስተኛ ክስ ክፍሉ በቶኒ አፍ ቀድሞ ተናግሮታል፤ የሚናገረውም ውሸታም መሆኑን እናውቃለን። በኋላ ምግብ ቤት ተቀምጠው ደግሞ፣ በአባቱ ጊዜ ጣሊያኖች ብዙ አማራጭ አልነበራቸውም ይላታል። እሷም «እንደ ማሪዮ ኩሞ?» ትለዋለች። ኩሞ የጣሊያን ስደተኞች ልጅ ናቸው፤ ከ1983 እስከ 1994 የኒው ዮርክ ገዥ ነበሩ። ለስም ማጥፋቱ ከዚህ የተሻለ መልስ አላውቅም፤ የሰጠችውም የጣሊያን ልጅ ናት። ድራማውን የፈጠሩት ቼዝም የጣሊያን ቤተሰብ ልጅ ናቸው፤ የቤተሰቡ ስም ቀድሞ ዴቼዛሬ ነበር።

ወጣቱን ስለማበላሸቱ ብዙ አልከራከርም። ድራማው ለአዋቂ ተብሎ የተሠራ ነው። ልጆች ባሉበት ሳሎን አይከፈትም። በዚህ ከጸሐፊው ጋር አንድ ነን።

አንድ ጥያቄ ግን አለኝ፤ ቢመልሱልኝ ደስ ይለኛል። ከግድያው በኋላ ቶኒ ቦውዶይን ኮሌጅ ውስጥ ልጁን ሲጠብቅ ግድግዳው ላይ የተጻፈ ነገር ያነባል። የናትናኤል ሃውቶርን አባባል ነው፤ በ1825 ከዚያው ኮሌጅ የተመረቀው ደራሲ። ለራሱ አንድ ፊት፣ ለሕዝብ ሌላ ፊት እያሳየ የኖረ ሰው፣ ኋላ የትኛው የእውነት ፊቱ እንደሆነ ይጠፋዋል ይላል። ቶኒ ቆሞ ያነበዋል። ክፍሉ ስለ ራሱ ከዚህ በግልጽ የተናገረበት ቦታ የለም። በረጅሙ ጽሑፍዎ ውስጥ ይህ ግድግዳ አንድም ቦታ አልተነሳም። ድራማው ቶኒን እያቆነጀ ከሆነ፣ ያን ጽሑፍ ለምን አስነበበው?